የቶርኔዶ ዕድል ካርታው በሀሪኬን ሚልተን ዕለት
ኖርማን፣ ኦክላሆማ የሚገኘው የአሜሪካ የአውሎ ነፋስ ትንበያ ማዕከል በየዕለቱ የሚያወጣው ካርታ፣ ከአንድ ቦታ በ40 ኪሎ ሜትር ዙሪያ ቶርኔዶ (ከደመና ወደ ምድር የሚወርድ ኃይለኛ የነፋስ አዙሪት) የመከሰት ዕድሉን በመቶኛ ያሳያል። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 9 ቀን 2024 ብዙ ሰው ዓይኑን ሚልተን የተባለው ሀሪኬን (ከባሕር የሚነሣ ግዙፍ አውሎ ነፋስ) ወደሚያርፍበት የፍሎሪዳ ምዕራባዊ ጠረፍ ሲተክል፣ ካርታው ከሀሪኬኑ እምብርት ራቅ ላሉት አካባቢዎችም አስጠንቅቆ ነበር፤ በምሥራቁ ጠረፍ፣ በሴንት ሉሲ ካውንቲ ስድስት ሰዎችን የገደለው ቶርኔዶ የወረደውም ሀሪኬኑ ገና የብስ ሳይረግጥ ነው። እንዲህ ያለ ትንበያ የሚፈተነው ግን በአንድ ቀን ውጤት ሳይሆን፣ ባለፉት ዓመታት 10 በመቶ ከተባለላቸው ቦታዎች ከአሥር አንዱ ገደማ በዚያው የ40 ኪሎ ሜትር ዙሪያ በእርግጥ ቶርኔዶ እንደተከሰተበት ሲረጋገጥ ነው። ቅር የሚያሰኘኝ፣ 10 በመቶ ለተራው አንባቢ ኢምንት መምሰሉ ነው፤ ከአዘቦት ቀን ስንት እጥፍ እንደሚበልጥ አጠገቡ ቢጻፍ፣ ቤቱን ለቅቆ ለመውጣት ለሚያመነታ ቤተሰብ እጅግ በጠቀመ ነበር።