ለኮንሰርት የቱ መቅረጫ ይሻላል? ዙም፣ ታስካም ወይስ ባለ 32-ቢት ፍሎት?

ተንቀሳቃሽ መቅረጫ ልትገዙ ስትሉ ማስታወቂያው መጀመሪያ የሚነግራችሁ የቢትና የኪሎኸርዝ ቁጥር ነው፤ ድምፁ ምን ያህል በዝርዝር እንደሚመዘገብ ማለት ነው። 24-ቢት፣ 96 ኪሎኸርዝ፣ አሁን አሁን ደግሞ 32-ቢት ፍሎት። ድራም፣ ባስ ጊታርና ትልልቅ ሞንታርቦ ባለበት ቦታ ለመቅዳት ከሆነ ግን ቀድሞ የሚጠየቀው ሌላ ነው፦ ማይኩ ድምፁ ሳይሰነጠቅ ስንት ዴሲቤል ይችላል? ይህ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ መመሪያው መጨረሻ ላይ በደቃቅ ፊደል ተጽፎ ነው የሚገኘው። እኔ ግን ከሁሉም በፊት እሱን ፈልጉ እላለሁ።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው መመሪያ በሙዚቃ ቦታዎች አማካይ ድምፅ ከ100 ዴሲቤል እንዳያልፍ ይመክራል። ከዚያ በላይ የሚጫወቱ ባንዶች ሞልተዋል። ያም አማካዩ ብቻ ነው። ኪክ ድራም ሲመታ ለቅጽበት የሚዘለው ጫፍ ከአማካዩ በ10 ወይም በ20 ዴሲቤል ሊበልጥ ይችላል። በዚያ ላይ መመሪያው የሚጠቀምበት ልኬት ባሱን አሳንሶ ነው የሚቆጥረው። ማይኩ ግን ባሱን በሙሉ ነው የሚቀበለው። ስለዚህ አማካዩ 105 በሆነበት አዳራሽ ማይኩ 120ን ያለፈ ምት ቢመጣበት አይግረማችሁ።

ከትንንሾቹ እንጀምር። ዙም ኤች1ኤን እና ታስካም ዲአር-05ኤክስ ሁለቱም ኪስ ውስጥ ይገባሉ፣ ሁለቱም እስከ 24-ቢት/96 ኪሎኸርዝ ይቀዳሉ። የዙሙ ጣሪያ 120 ዴሲቤል ነው፣ የታስካሙ 125። አምስት ዴሲቤል ትንሽ ይመስላል፤ እዚህ ቦታ ላይ ግን ብዙ ነው። ሌላው ልዩነት ማይኮቹ ናቸው። የዙሙ ወደ መድረኩ ያነጣጠሩ ሲሆኑ ከኋላ የሚመጣውን ይቀንሳሉ። የታስካሙ ከሁሉም አቅጣጫ እኩል ይሰማሉ። ባሱን ሞላ አድርገው ይይዛሉ፤ ችግሩ አጠገባችሁ የቆመው ሰው ወሬም አብሮ መግባቱ ነው። ተመልካቹ አፉን ይዞ የሚያዳምጥበት ዝግጅት ከሆነ ታስካሙን እመርጣለሁ። ጫጫታ በሞላበት ቤት ከሆነ ዙሙ ይሻላል፣ ግን ራቅ ብላችሁ ቁሙ። ሜዳ ላይ ከስፒከሩ ያላችሁን ርቀት እጥፍ ባደረጋችሁ ቁጥር ድምፁ ወደ 6 ዴሲቤል ይቀንሳል። አዳራሽ ውስጥ ግድግዳው ስለሚመልሰው ቅናሹ ያን ያህል አይሆንም።

ዙሙን በተመለከተ አንድ የምወደው ነገር አለ። ጌይኑ (የሚገባው ድምፅ ምን ያህል እንደሚጎላ) ፊት ለፊት ባለ ክብ ቁልፍ ነው የሚስተካከለው። በጨለማ ውስጥ ሜኑ እየከፈታችሁ አትደናበሩም።

መካከለኛው ረድፍ ላይ ስንደርስ ነገሩ ይለወጣል። ዙም ኤች5 ከሳጥኑ ጋር የሚመጣው ማይክ እስከ 140 ዴሲቤል ይችላል። ታስካም ዲአር-40ኤክስ 125 ላይ ይቆማል። ሁለቱም የኤክስኤልአር ኬብል (ባለ ሦስት እግር የማይክ ኬብል) የሚሰካባቸው ሁለት መግቢያዎች አሏቸው። ሁለቱም ዋናውን ቅጂ ሲቀዱ ጎን ለጎን ዝቅ ባለ ድምፅ መጠባበቂያ ይቀዳሉ። ኤች5 ላይ መጠባበቂያው በ12 ዴሲቤል ዝቅ ያለ ነው። ዘፋኙ ሳይታሰብ ሲጮህ ዋናው ቅጂ ቢሰነጠቅ እንኳ ሁለተኛው ይተርፋል። የታስካሙ ጥቅም ማይኮቹ የሚታጠፉ መሆናቸው ነው፤ ወደ ውስጥ አዙራችሁ ወይም ወደ ውጭ ከፍታችሁ የስቴሪዮውን ስፋት ትቀይራላችሁ። ጥሩ ነው። ግን ከባንዱ ፊት ለፊት ለሚቆም ሰው 15 ዴሲቤል ትርፍ ከማንኛውም መታጠፍ ይበልጣል።

ኤች5ን የሚገመግሙ ብዙዎች በኬብል መግቢያው በኩል ትንሽ እሽታ (ሽሽ የሚል ድምፅ) እንዳለው ያነሳሉ። እውነት ነው፤ ጸጥ ያለ ጫካ ለሚቀዳ ሰው ያስቸግራል። ለእኛ ግን ምንም ማለት አይደለም። 100 ዴሲቤል ሙዚቃ ውስጥ ያንን እሽታ የሚሰማ ጆሮ የለም። ለጸጥታ ቀረጻ የተጻፈ ግምገማ አንብባችሁ ለኮንሰርት መቅረጫ አትምረጡ።

አሁን ወደ 32-ቢት ፍሎት እንምጣ፤ ሰው በብዛት የሚሳሳተው እዚህ ነው። «ጌይን ማስተካከል ቀረ፣ ድምፅ አይሰነጠቅም» ይባላል። ግማሹ እውነት ነው። ፋይሉ ራሱ አይሰነጠቅም። ከልክ በላይ ጮሆ የገባውን ድምፅ ኮምፒውተር ላይ ዝቅ ስታደርጉት ቅርጹ ሙሉ ሆኖ ይመለሳል። ነገር ግን ድምፁ ፋይል ከመሆኑ በፊት በማይኩና በፕሪአምፑ (የማይኩን ደካማ ምልክት በሚያጎላው ክፍል) በኩል ነው የሚያልፈው። እነዚያ ካቃታቸው የተበላሸው ድምፅ ነው በጥንቃቄ የሚቀመጠው። ዙም ኤች1ኢሴንሻል 32-ቢት ፍሎት ነው፣ የራሱ ማይክ ጣሪያ ግን እንደ ታላቅ ወንድሙ 120 ዴሲቤል ነው። ከትልቅ ሞንታርቦ ፊት ብታቆሙት ቢቱ አያድነውም።

ይህን በዓይናችሁ ማየት ትችላላችሁ። የተሰነጠቀ ቅጂ ኦዳሲቲ በሚባለው የድምፅ ማስተካከያ ፕሮግራም ላይ ክፈቱና ኪክ ድራሙ የመታበትን ቦታ አጉልታችሁ ተመልከቱ። የሞገዱ አናት በመቀስ የተቆረጠ ያህል ጠፍጣፋ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ጠፍጣፋው ልክ ዜሮ ዴሲቤል ላይ (የመሃሉ መስመር ሳይሆን ፋይሉ የሚችለው የመጨረሻ ከፍታ ላይ) ከሆነ ጥፋቱ የጌይኑ ነው፤ በሚቀጥለው ጊዜ ዝቅ አድርጉት። ጠፍጣፋው ከዜሮ በታች፣ ለምሳሌ ከዜሮ በ8 ዴሲቤል ዝቅ ብሎ ከሆነ ግን የተሸነፈው ማይኩ ወይም መግቢያው ነው። ያኔ ጌይን ብትቀንሱ ትርፉ ዝቅ ያለ ግን ያው የተሰነጠቀ ድምፅ ነው። መፍትሔው ሌላ ማይክ ወይም ርቀት ብቻ ነው።

ለዚህ ነው ዙም ኤፍ3ን ለብቻው የማየው። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ትንሽ ሳጥን ነው። የራሱ ማይክ የለውም፣ የጌይን ቁልፍም የለውም። ሁለት የኤክስኤልአር መግቢያ ብቻ። ጣሪያውን የምትወስነው የምትሰኩት ማይክ ናት ማለት ነው። ሮድ ኤንቲ5ን የመሰለ ማይክ 143 ዴሲቤል ይችላል። እንዲህ ያለ ጥንድ ከኤፍ3 ጋር ሲገናኝ የ32-ቢት ፍሎት ተስፋ እውነት ይሆናል። ክፋቱ ዕቃው መብዛቱ ነው፦ ሁለት ማይክ፣ ሁለት ኬብል፣ ማቆሚያ። እየቆመ ለሚያዳምጥ ሰው አይመችም። የራሱን ባንድ ለሚቀዳ ግን ከዚህ የተሻለ አላውቅም።

ከሚክሰሩ ቀጥታ መስመር ለመውሰድ ላሰባችሁም የኬብል መግቢያው ወሳኝ ነው። ከሚክሰር የሚወጣው ምልክት ከማይክ በብዙ እጥፍ የበረታ ነው። ኤፍ3 መግቢያውን «ላይን» ወደሚባለው፣ ለበረታ ምልክት ወደተሠራው አማራጭ መቀየር ይችላል። ኤች5 ደግሞ 20 ዴሲቤል የሚቀንስ ማብሪያ አለው። ፋንተም ፓወሩን (መቅረጫው በኬብሉ በኩል ለማይክ የሚልከውን ኤሌክትሪክ) ማጥፋት አትርሱ። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ ትንሽ ቤት ውስጥ የሚክሰሩ መስመር አብዛኛውን ጊዜ ድምፃዊውን አጉልቶ ድራሙን ያሳንሳል። ድራሙ በራሱ ስለሚጮህ ሳውንድማኑ በስፒከር አይጨምረውም። የመቅረጫውን ማይክና የሚክሰሩን መስመር አንድ ላይ መቅዳት የሚችለው ኤች5 እዚህ ከኤፍ3 ብልጫ አለው።

የሜሞሪው ነገር አያስጨንቅም። በ24-ቢት/48 ኪሎኸርዝ የአንድ ሰዓት ስቴሪዮ ወደ 1 ጊጋባይት ነው፣ በ32-ቢት ፍሎት ወደ 1.4። 96 ኪሎኸርዝ ለኮንሰርት አያስፈልጋችሁም፤ ካርድ ከመሙላት በቀር የምትሰሙት ለውጥ የለም። የትኛውንም ብትገዙ አውቶ ጌይኑን አጥፉት። ባንዱ ዝም ሲል ከፍ፣ ሲጀምር ዝቅ እያደረገ ሙዚቃውን ያስተነፍሰዋል። ጌይን ያላቸው ላይ ትልቁ ምት ከዜሮ በ12 ዴሲቤል ዝቅ እንዲል አድርጉና እጃችሁን አንሱ።

ምርጫዬ እንዲህ ነው። መድረክ አጠገብ የሚቆም፣ አንድ ዕቃ ብቻ መያዝ የሚፈልግ ሰው ኤች5 ይግዛ፤ 32-ቢት ባይሆንም። በጀቱ ለጠበበና ወደ ኋላ ሄዶ ለሚቀዳ ዲአር-05ኤክስ ይበቃል። የራሳችሁን ልምምድና ዝግጅት የምትቀዱ ባንዶች ገንዘባችሁን ኤፍ3ና ጥሩ ማይክ ላይ አውሉት። ኤች1ኢሴንሻል ጌይን ማስተካከል ለማይወድና ከስፒከር ራቅ ብሎ ለሚቆም ነው።

ኤች5 እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ስለሆነ ያገለገለውን ታገኙ ይሆናል። ከመክፈላችሁ በፊት ማይኩን ነቅላችሁ መልሳችሁ ስኩት፤ መሰኪያው መላላት የለበትም። ጆሮ ማዳመጫ አድርጋችሁ የጌይን ቁልፎቹን ቀስ ብላችሁ አዙሩ። ሲዞሩ የሚንኮሻኮሹ ከሆነ ተዉት። ከዚያ ማይኩ አጠገብ በደንብ አጨብጭቡና ግራና ቀኙ እኩል መግባቱን ስክሪኑ ላይ ባለው የድምፅ መለኪያ እዩ።