ጥያቄዋ ማር፣ መልሷ ሬት፦ ከፎቶ ኮፒ ቤት የገዛኋት የሒሳብ ጥራዝ

ሥራዬ ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ ትኬት መቁረጥ ነው። ጠዋት ጠዋት ግርግር ነው። ከረፋዱ በኋላ ግን ሰው ይሳሳል፤ እኔም ወንበሬ ላይ መፍዘዝ እጀምራለሁ። ይቺን ጥራዝ የገዛሁት ለዚያች ሰዓት ነው፤ ከአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት፣ በ120 ብር። በስቴፕለር የተመታች፣ ሽፋኗ ቢጫ ካርቶን ነው። አዘጋጁ ስሙን አልጻፈባትም።

ጅብ፣ ፍየልና ቅጠል በጀልባ የሚያሻግረው ሰውዬ እዚህም አለ። እሱን ከአያቴ ስለሰማሁት ዘለልኩት። የቀረው ግን ምርጫው ያስመሰግናል። አዘጋጁ የለቀመው፣ ብዙ የሚያሰላውን ሰው የሚያደክሙ ጥያቄዎችን ነው።

ለምሳሌ ይቺን እንያት። 200 ኪሎ ሜትር ከሚራራቁ ከተሞች ሁለት አውቶቡሶች እኩል ተነስተው ፊት ለፊት ይመጣሉ። ሁለቱም በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ይነዳሉ። አንዲት ወፍ ደግሞ እስኪገናኙ ድረስ ከአንዱ ወደ ሌላው ትመላለሳለች፤ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ትበራለች። በጠቅላላው ስንት ኪሎ ሜትር በረረች?

መኪና የሚጠብቅ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ጥራዟን ተቀበለኝና የመጀመሪያውን ጉዞ፣ ከዚያ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን እያሰላ ወረቀት ሞላ። አንድ ረዳት ከጀርባው ቆሞ ያያል።

«አውቶቡሶቹ በስንት ሰዓት ነው የሚገናኙት?»

«በሁለት።»

«እና ወፏም ሁለት ሰዓት ነዋ የበረረችው!»

160 ኪሎ ሜትር፣ አለቀ። ተማሪው እስክሪብቶውን ጥሎ ሳቀ። ለነገሩ የእሱም መንገድ ያደርሳል። ታላቁ የሒሳብ ሊቅ ጆን ፎን ኖይማን ይህን መሰል ጥያቄ ቀርቦለት ወዲያው መለሰ ይባላል። «አቋራጩን አወቅከው ማለት ነው» ሲሉት፣ «የምን አቋራጭ? ምልልሱን ደምሬ ነው እንጂ» አለ አሉ።

እኔ የወደድኳት ግን የሰሌዳዋን ነው። እንደ ዳማ ጥቁርና ነጭ ከሆነ ባለ 64 ቤት ሰሌዳ ላይ ሁለት ተቃራኒ ማዕዘኖችን ቁረጥ። 62 ቤት ይቀራል። እያንዳንዳቸው ሁለት ጎረቤታም ቤት በሚሸፍኑ 31 ካርቶኖች ሁሉንም መሸፈን ይቻላል?

ከብስኩት ካርቶን ቆራርጬ ስደረድር ሰነበትኩ። 30ው ይገባል፣ ሁለት ቤት ይተርፋል፤ የተረፉትም አይጎራበቱም። አንድ ቀን ትኬት እየቆረጥኩ ዓይኔ ቀለማቸው ላይ አረፈ። የሚተርፉት ሁሌ ጥቁር ናቸው! አንድ ካርቶን ምንጊዜም አንድ ጥቁርና አንድ ነጭ ይሸፍናል። የቆረጥኳቸው ማዕዘኖች ደግሞ ሁለቱም ነጭ ነበሩ። 32 ጥቁር፣ 30 ነጭ ነው የቀረው። እስከ ዘላለም ቢደረደር አይሞላም። «አይቻልም!» ብዬ ጮህኩ መሰለኝ፤ ደንበኛዬ መልሱን እየጠበቀ አፍጥጦ ያየኛል። እንዲህ የሚያስፈነድቅ ሌላ ዕቃ በ120 ብር አላውቅም።

ጥያቄው የፈላስፋው ማክስ ብላክ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1946 ያቀረበው። ጥራዟ ይህን አትነግራችሁም። መልሷም «አይቻልም» ብላ ታልፋለች፤ ለምን እንደማይቻል አንድ መስመር የለም። ለምኑን ካልነገረችኝ መልሱ ምን ይሠራልኛል?

ከዚህ የባሰው ወረቀቱ ነው። መልሱ የታተመው ከጥያቄው ጀርባ ሆኖ ሳለ ወረቀቱ ስስ ነው፤ ቀለሙ አልፎ ይታያል። ብርሃን ፊት ከያዛችሁት አለቀ፣ ጨዋታው ፈረሰ። እኔ ያገለገለ የትኬት ጥራዝ ከሥሩ አስገብቼ ነው የማነበው። ኅትመቱም ደብዛዛ ስለሆነ 3 እና 8 አይለዩም፤ ቁጥሩ የተሳሳተ ጥያቄ ላይ መልፋት ደግሞ ያበሽቃል።

እንዲያም ሆኖ ግዟት። ብቻ ከመክፈላችሁ በፊት እዚያው ቆማችሁ ገጽ በገጽ ግለጡ። የእኔዋ መሀሏ ላይ ሁለት ቅጠል ተገልብጦ ታስሯል፤ የፎቶ ኮፒ ቤቱ ልጅ «ያው ነው፣ አዙረህ አንብበው» ብሎኛል።