የመኖሪያ አውቶቡስ ካምቢዮ፦ ማንዋሉን ማቆየት ወይስ በአውቶማቲክ መተካት?

ወደ መኖሪያነት የተቀየረ አውቶቡስ ያለው ሰው ማንዋሉን አውጥቶ አውቶማቲክ ለመግጠም ሲያስብ አብዛኛውን ጊዜ የሚያነጻጽረው የሁለቱን ካምቢዮዎች ዋጋ ነው። ወጪውንም ውጤቱንም የሚወስኑት ግን በካምቢዮው ዙሪያ ያሉት ነገሮች ናቸው፤ እነሱም የማቀዝቀዣው አቅም፣ የዲፈረንሻሉ ምጥጥን (ጎማው አንዴ እንዲዞር ካርዳኑ ስንት ጊዜ እንደሚዞር)፣ ጉልበቱን ከካምቢዮው ወደ ዲፈረንሻሉ የሚያደርሰው ዘንግ ማለትም የካርዳኑ ርዝመት፣ እንዲሁም የሞተሩ ቁጥጥር ሜካኒካል ወይም ኤሌክትሮኒክ መሆኑ ነው። በዚህ ዓይን ሲታይ ለገዢው የሚቀርቡት ምርጫዎች ሁለት ሳይሆኑ ሦስት ናቸው፤ ያለውን ማንዋል አድሶ መቀጠል፣ በዘይት ግፊት ብቻ የሚታዘዝ የቀድሞ አውቶማቲክ መግጠም፣ ወይም በኮምፒውተር የሚታዘዝ ባለ 6 ማርሽ አውቶማቲክ መግጠም።

ማንዋሉን በተመለከተ አስቀድሞ መጣራት ያለበት ችግሩ በእርግጥ ከካምቢዮው የመጣ መሆኑ ነው። ሞተሩ ከኋላ በሆነ አውቶቡስ ላይ የሹፌሩ እጅ ከካምቢዮው ጋር የሚገናኘው የተሽከርካሪውን ርዝመት ከሞላ ጎደል በሚያቋርጡ ዘንጎችና መጋጠሚያዎች ስለሆነ፣ በየመጋጠሚያው ያለው ጥቂት ጥቂት መላላት ተደምሮ ማርሹ የት እንዳለ እስኪጠፋ ድረስ ያስቸግራል። ፍሪሲዮኑ ከብዶ እግር የሚያደክመውም ብዙ ጊዜ በዚሁ በመጋጠሚያዎች መላላትና መድረቅ ምክንያት ነው። እነዚህ ከታደሱ በኋላ አውቶቡሱን ሌላ መኪና ያህል የተለየ ሆኖ የሚያገኘው ባለቤት ጥቂት አይደለም። ማንዋል ሙቀት የሚያመነጨው በትንሹ ነው፤ ቁልቁለት ላይ የገባውን ማርሽ ይዞ ይቆያል፤ ነዳጅም ያን ያህል አያባክንም። በአንጻሩ አቀበት ላይ ቆሞ መነሳትና መኪና በተጨናነቀበት መንገድ መንዳት ጉልበት ይጠይቃል፤ በተለይ ማርሽ ሲገባ ዙሩን የሚያስማማው ክፍል (ሲንክሮናይዘር) በሌላቸው አሮጌ ከባድ ካምቢዮዎች ላይ ሹፌሩ የሞተሩን ዙር ከማርሹ ጋር ራሱ ማስማማት አለበት።

ከቀድሞዎቹ አውቶማቲኮች በብዛት የሚታወቁት የአሜሪካው ካምቢዮ አምራች የአሊሰን ምርቶች የሆኑት ኤቲ545፣ ኤምቲ643 እና ኤችቲ740 ሲሆኑ፣ ሦስቱም ባለ 4 ማርሽ ናቸው። በመካከላቸው ያለው ልዩነት ግን ስማቸው ከሚያሳየው በላይ ሰፊ ነው። ኤቲ545 ቶርክ ኮንቨርተሩን (በፍሪሲዮን ምትክ የሞተሩን ጉልበት በዘይት የሚያስተላልፈውን ክፍል) ከሞተሩ ጋር አጥብቆ የሚያያይዘው ሎክአፕ የለውም፤ በመሆኑም በረጅም መንገድ ላይም ቢሆን ከሞተሩ ጉልበት የተወሰነው ያለማቋረጥ ወደ ሙቀት ይለወጣል፤ ቁልቁለት ላይም የሞተሩ መያዝ ደካማ ይሆናል። ሙሉ የቤት ዕቃ ለተጫነበት አውቶቡስ ይህን ካምቢዮ በነጻ ቢሰጡኝም ለመግጠም አልደክምም። ኤምቲ643 ሎክአፕ ስላለው ለመካከለኛ ዲዝል ሞተሮች የተሻለ ነው፤ ኤችቲ740 ደግሞ እንደ ዲትሮይት ዲዝል 8ቪ71 ላሉት ትልልቅ ሞተሮች የሚስማማ ነው። የእነዚህ ትልቁ ጥቅም ኮምፒውተር አለመፈለጋቸው ብቻ ሳይሆን የመጨረሻ ማርሻቸው ምጥጥን 1 ለ 1 መሆኑ፣ ማለትም ካርዳኑ ከሞተሩ እኩል መዞሩ ነው። የሚወጣው ማንዋል የመጨረሻ ማርሽም እንደዚያው ከሆነ ዲፈረንሻሉን መንካት አያስፈልግም።

ሦስተኛው ምርጫ በ1990ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) የመጣው የአሊሰን ኤሌክትሮኒክ ቤተሰብ ነው፤ ለአውቶቡስ የተለመደው ቢ400 ነው። ለስላሳ አነዳድና የተሻለ የነዳጅ አጠቃቀም የሚሰጠው ይህ ነው፤ ሪታርደር (በዘይት ግፊት ተሽከርካሪውን የሚያዘገይ ረዳት ፍሬን) የተገጠመለት ቢ400አር ደግሞ ረጅም ቁልቁለት ላይ የእግር ፍሬኑን በእጅጉ ያሳርፋል። ይሁን እንጂ የ5ኛ ማርሹ ምጥጥን 0.75፣ የ6ኛው ደግሞ 0.65 ነው። ሞተሩ በ1 ለ 1 ማርሽ በደቂቃ 2100 ዙር ሲዞር የሚገኘው ፍጥነት በ5ኛው 1575፣ በ6ኛው 1365 ዙር ብቻ ይፈልጋል። ይህ ለዘመናዊ ሞተር ተስማሚ ነው፤ በዝቅተኛ ዙር ሲጫኑት ለሚጎዳ እንደ 8ቪ71 ላለ ባለ ሁለት ምት ዲትሮይት ሞተር ግን ዲፈረንሻሉ ካልተቀየረ በቀር 6ኛው ማርሽ እምብዛም ጥቅም ላይ አይውልም። በዚያ ላይ ኮምፒውተሩ ነዳጅ መስጫው ምን ያህል እንደተረገጠ ማወቅ ስላለበት፣ ሜካኒካል ሞተር ላይ ይህን የሚለካ ሴንሰር መጨመርና ሽቦውን በሙሉ ከአዲስ መዘርጋት ግድ ይሆናል።

ብዙዎች አቅልለው የሚያዩት ሙቀቱን ነው። ለማንዋል ተብሎ የተሠራ ራዲያተር የሚያቀዘቅዘው የሞተሩን ሙቀት ብቻ ነበር፤ አውቶማቲክ ሲገጠም ሎክአፑ ሳይዝ ቀስ ብሎ አቀበት በሚወጣበት ጊዜ የሚፈጠረው ሙቀት ይጨመርበታል። ሪታርደሩም የሚያስቀረውን ጉልበት በሙሉ ወደ ዘይቱ፣ ከዘይቱም ወደ ራዲያተሩ ውሃ ያስተላልፋል። ሞተሩ ከኋላ ከሆነ ደግሞ ከፊት የሚመጣው ነፋስ አያግዘውም። ስለዚህ ራዲያተሩን ለማሳደግ ቦታ የሌለው አውቶቡስ አውቶማቲክ ሊገጠምለት አይገባም እላለሁ።

በዓመት ጥቂት ጉዞ ለሚያደርግና ፍሪሲዮን መርገጥ ለማይከብደው ሰው ማንዋሉን ማደስ ይበልጣል። ሜካኒካል ሞተር ኖሮት እግሩን ወይም ጉልበቱን የሚያመው፣ ወይም አውቶቡሱን ማንዋል ከማይነዳ የትዳር ጓደኛው ጋር እየተቀያየረ የሚነዳ ሰው ከሞተሩ መጠን ጋር የሚስማማውን ኤምቲ643 ወይም ኤችቲ740 ቢመርጥ ጥሩ ነው። ቢ400ን የምመክረው ሞተሩም ኤሌክትሮኒክ ለሆነለት ብቻ ነው፤ ሞተሩ ሜካኒካል ሆኖ ይህን ካምቢዮ የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ አውቶማቲክ የሆነ ሌላ አውቶቡስ መግዛት ምን ያህል እንደሚያስወጣው ቢያሰላ ይሻለዋል።

ለመቀየር የወሰነ ገዢ ካምቢዮውን ለብቻው አይግዛ፤ ካምቢዮውን ከሞተሩ ጋር የሚያያይዘውን ማገናኛ ሳህን፣ የዘይት ማቀዝቀዣውን፣ ማርሽ መምረጫውን፣ ኤሌክትሮኒክ ከሆነም ሽቦውንና ኮምፒውተሩን ከአንድ ተሽከርካሪ ላይ፣ ከተቻለ ሳይፈታ ሲሠራ አይቶ ይውሰድ። በሁለቱ ካምቢዮዎች ርዝመት መካከል ያለው ልዩነት ካርዳኑን ማሳጠር ወይም ማስረዘም ስለሚጠይቅ፣ አሮጌው ከመውጣቱ በፊት ልኬቱና የመጋጠሚያዎቹ ማዕዘን ይመዝገቡ። አውቶቡሱ አንድ ቀን በመጎተቻ የሚሄድ ከሆነም ካርዳኑ መፈታት አለበት፤ የአውቶማቲኩን ዘይት የሚገፋው ፓምፕ የሚዞረው በሞተሩ ስለሆነ፣ ሞተሩ ጠፍቶ ጎማው ከዞረ ካምቢዮው ያለ ዘይት ይፈጫል።