የአያት ጠገራ ብር፦ ለምርመራ ይላክ ወይስ አንጥረኛ ሚዛን ላይ ይውጣ?

ደሴ ውስጥ የአያት ሣጥን ሲከፈት ጠገራ ብር መገኘቱ ብርቅ አይደለም። አሜሪካ ላሉ የሳንቲም መርማሪ ድርጅቶች ልኮ የይዞታ ደረጃ ማስወጣት ያዋጣል ወይስ ለአንጥረኛ በክብደቱ መሸጥ?

ማርትሬዛ (የኦስትሪያዋ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ ምስል ያለበት ብር) ከሆነ በእኔ ግምት የአንጥረኛው ሚዛን ይበቃዋል። 1780 የሚለው ዓመት አያጓጓችሁ፤ ንግሥቲቱ ከሞተች በኋላም ያው ዓመት እየተቀረጸበት በሚሊዮኖች ተመትቷል። 28 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ከሺህ 833 እጁ ንጹሕ ብር ነው። የምርመራና የመላኪያ ወጪው ትርፉን ይበላዋል።

የምኒልክ ብር ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ፓሪስ የተመታው ባለ 1889 ዓ.ም. ብር የአንበሳው ጋማና የዘውዱ ጌጥ ሳይፋቅ ጥርት ብሎ ከታየ፣ መርማሪዎቹ ከ1 እስከ 70 የሚሰጡት ነጥብ ዋጋውን ከፍ ሊያደርገው ይችላል። ለአንገት ጌጥ ተበስቶ ወይም ማንጠልጠያ ተበይዶበት ከሆነ (ወሎ ውስጥ ያልተበሳ ማግኘት መታደል ነው!) ነጥብ አያገኝም፤ ጉዳት አለበት ተብሎ ብቻ ይመለሳል። በአመድ የተፈተገም ዕጣው ያው ነው፣ እባካችሁ አታጥቡት። ደግሞ ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ክልክል ስለሆነ፣ ከመላካችሁ በፊት የቅርስ ባለሥልጣንን ጠይቁ።