«የውድድር ነው» ተብሎ የተሸጠልኝ የፍሬን ሸራ፦ ማርቆስ የምትነዱ ተጠንቀቁ

ከሁለት ወር በፊት የፊት ፍሬን ሸራዬ አለቀ። መኪናዬ ቪትዝ ናት። ሥራዋ ከቤት ቢሮ፣ ከቢሮ ገበያ ነው፤ አልፎ አልፎ ደግሞ አዲስ አበባ ደርሳ ትመለሳለች። ደብረ ማርቆስ ውስጥ አንድ የመለዋወጫ ሱቅ ገባሁ። የተለመደው ሸራ 2,400 ብር ነው። ሻጩ እሱን ወደ ጎን ገፋ አደረገና ቀይ ካርቶን አወጣ።

«ይሄ የውድድር ነው። አባይ በረሃን ብትወርድበት ንቅንቅ አይልም።»

ዋጋው 7,500። ልጆቼን ይዤ ያንን ቁልቁለት ስለምወርድ ልቤ ተሰረቀ። ከፈልኩ። ደረሰኝ እንኳን አልጠየቅኩም፤ ይቺ የራሴ ጥፋት ናት።

በሦስተኛው ቀን ማለዳ ከቤት ወጣሁ። ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ብርዷን ለእናንተ አልነግርም። ሰፈራችን ቁልቁለቱ ላይ ጤፍ የጫኑ አህዮች ከጎን ብቅ አሉ። ረገጥኩ። እንጨት የረገጥኩ መሰለኝ። ፔዳሉ ጠንካራ ነው፣ መኪናዋ ግን እንደለመድኳት አልያዘችም። ባለ በሌለ ጉልበቴ ተጭኜ ከኋለኛዋ አህያ አንድ ክንድ ሲቀረኝ ቆመች። ባለቤቱ ዱላቸውን ኮፈኑ ላይ አሳርፈው «ኧረ ጌታው! ሰው ባይፈሩ እግዜርን አይፈሩም?» አሉኝ። ምን ልመልስ?

የሚገርመው ከሰዓት ላይ ደህና ይይዛል። ጠዋት ሲሆን ደግሞ ያው እንጨት። ጩኸቱማ ሌላ ጉድ ነው። ቀስ ብዬ ልቆም ስል ሲጥጥ ይላል። ባለቤቴ ገና መታጠፊያው ላይ ስደርስ ሰምታ በር መክፈት ጀምራለች። ጥሩምባ መንፋት ቀረልኝ።

በስድስተኛው ሳምንት አንድ ሽማግሌ መካኒክ ዘንድ ሄድኩ። ጎማውን ፈትተው ዲስኩን፣ ሸራው የሚይዘውን ክብ ብረት፣ በጣታቸው ዳሰሱና «አርሰኸዋል እኮ ልጄ» አሉኝ። እውነትም ዲስኩ እንደታረሰ ማሳ ትልም በትልም ሆኗል።

ነገሩን ያስረዱኝ እሳቸው ናቸው። የውድድር መኪና ነጂ ፍሬን ሲረግጥ ይውላል፣ ሸራው እንደጋለ ነው። ስለዚህ የሚሠራለት ሸራ በደንብ የሚይዘው ከጋለ በኋላ ነው። የእኛ ከተማ ነጂ ግን በ40 ሄዶ ይቆማል፣ ደግሞ ሄዶ ይቆማል። ሸራው የሚፈልገውን ሙቀት ሳያገኝ ቤት ገብቶ ያድራል። ለእኛ የሚሆነው በመጀመሪያው ርግጫ፣ በብርዱ የሚይዝ ሸራ ነው። እሱ ደግሞ ያ የናቅኩት የ2,400 ብሩ ነው።

ሸራውን ገልብጠው ጀርባውን አሳዩኝ። ብዙ ሸራ ላይ ሁለት የላቲን ፊደላት ጎን ለጎን ይታተማሉ። የመጀመሪያው ሸራው ሳይግል፣ ሁለተኛው ከጋለ በኋላ ያለውን የሰበቃ መጠን ይናገራል። «ኢ» ከ0.25 እስከ 0.35 ነው፤ «ኤፍ» እስከ 0.45፣ «ጂ» እስከ 0.55 ይሄዳል። ፊደሉ ስለ ጩኸቱም ሆነ ስለ ዕድሜው ምንም አይልም፤ ቢሆንም ከባዶ ይሻላል። የኔው ባዶ ነበር። ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥርና ብረቱ ላይ የተመታውም አይገናኙም።

«እውነት የውድድር ከሆነ ለከተማ አይሆንህም። ካልሆነ ደግሞ ተሸውደሃል» አሉኝና ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም።

«ቢሆንም መኪናዋ በአጭር ርቀት ትቆማለች» የምትሉ ትኖራላችሁ። እኔም እንደዚያ ነበር ያሰብኩት። መኪናን መጨረሻ ላይ የሚያቆማት ግን ጎማዋ ነው። በደንብ ስትረግጡ ኤቢኤሱ (ጎማው እንዳይቆለፍ የሚከላከለው) ከተንቀጠቀጠ፣ ወይም ጎማው ከተቆለፈ፣ ፍሬናችሁ ከጎማው በላይ ጉልበት አለው ማለት ነው። ሸራ በመቀየር ከዚያ በላይ አይገኝም። ያለቀ ጎማ ይዛችሁ ሸራ ላይ 7,500 ብር ከማፍሰስ ጎማውን መቀየር ይሻላል።

አሁን ወደ አባይ በረሃ። ሻጩ የያዘኝ በዚህ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ከደጀን እስከ ድልድዩ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው። ፍሬን እየረገጠ የሚወርድ ሰው ሸራውን ብቻ ሳይሆን የፍሬን ዘይቱንም ያግለዋል። የፍሬን ዘይት ደግሞ ከጊዜ ጋር ከአየር እርጥበት ይጠጣል። ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን ዝቅተኛው ልኩ 140 ነው። ዶት 4 ከ230 ወደ 155 ይወርዳል። ዘይቱ ሲፈላ አረፋ ይሠራል፣ ፔዳሉ ወለል ድረስ ይገባል። ያኔ የወርቅ ሸራ ቢኖራችሁም አያድናችሁም። የኔ ዘይት ስንት ዓመቱ ነበር? መኪናዋን ከገዛሁ ጀምሮ አልተቀየረም፤ ሲቀዳ እንደ ቡና አተላ ጠቁሮ ነበር። ሻጩ ስለ ዘይት አንድም ቃል አልተነፈሰም።

እና ምን አደረግን? ዲስኩ ውፍረቱ ስለበቃ ቶርኖ ቤት ገብቶ ተስተካከለ። ተራው ሸራ ተገጠመ። ዘይቱ ተቀየረ። ሽማግሌው ከከተማ ወጣ አድርገው በ50 ገደማ እየነዳሁ እስከ 10 እንዳበርድ፣ ሳልቆም ስምንት ዘጠኝ ጊዜ እንድደጋግም፣ ከዚያ ብዙ ፍሬን ሳልረግጥ እንዳቀዘቅዘው አደረጉኝ። ሸራና ዲስክ የሚተዋወቁት እንደዚህ ነው ይላሉ። ባለፈው ሳምንት አባይን ወረድኩ፤ ገና ከላይ ጀምሬ በከባድ ማርሽ፣ ሞተሩ እየያዘልኝ። ፔዳሉ ከላይ እስከ ታች ያው ነበር።

ገንዘቤን ልጠይቅ ሄጄ «የተገጠመ ዕቃ አይመለስም» ተባልኩ። ቀዩ ካርቶን አሁንም መደርደሪያው ላይ ከፊት ተቀምጧል። አጠገቡ በእስክሪብቶ «ለአባይ በረሃ ልዩ» የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል።