የብርሃን ሴንሰር መስመሮች፦ በኤሌክትሮን ጨረር ወይስ በጎማ ማህተም?

ብዙ የብርሃን ሴንሰሮች ውስጥ ግሬቲንግ አለ። ግማሽ ማይክሮን (500 ናኖሜትር) ገደማ እየተራራቁ የተደረደሩ ቀጫጭን መስመሮች ናቸው። ጥያቄው በምን እንሥራቸው ነው።

የኤሌክትሮን ጨረር ጥራቱ አይታማም። 10 ናኖሜትር አካባቢ የሚደርሱ ቅርጾችን ይጽፋል። ግን መስመር በመስመር ስለሚሄድ ቀርፋፋ ነው፤ የማሽኑ ዋጋም አይቀመስም።

ሶፍት ሊቶግራፊ፣ ማለትም በጎማ ማህተም ቅርጽ ማተም፣ በ1990ዎቹ በሃርቫርድ፣ በኬሚስቱ በጆርጅ ኋይትሳይድስ ቡድን እጅ የጎለመሰ ዘዴ ነው። ፒዲኤምኤስ የተባለውን ሲሊኮን ከማጠንከሪያው ጋር 10 ለ1 ትቀላቅላለህ። አረፋውን በቫኪዩም ታወጣለህ፣ መስመሮቹ በተቀረጹበት ሻጋታ ላይ ታፈሳለህ፣ 70 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ታበስላለህ። ከዚያ ቀስ ብለህ ትልጠዋለህ። ጎማውን ብርሃን ላይ ዘንበል ስታደርገው ቀስተ ደመና ከታየህ፣ መስመሮቹ ወጥተዋል ማለት ነው። ደስ ይላል፣ እውነት ለመናገር።

ጣጣው ግን አለ። ጎማው ሲበስል 1 በመቶ ገደማ ሊኮማተር ይችላል። ትንሽ ትመስላለች፤ ነገር ግን 500 ናኖሜትር የነበረው ርቀት 495 ይሆናል፣ ሴንሰሩ የሚመልሰው ቀለምም አብሮ ይንሸራተታል። ጎማው ላይ ከፍ ብለው የቆሙት ረጃጅምና ቀጫጭን ጥርሶች ደግሞ እርስ በርስ ይጣበቃሉ። ጠንካራው የፒዲኤምኤስ ዓይነት ይህን ይቀንሳል፤ ሲላጥ ግን ቶሎ ይሰነጠቃል።

ደግሞ ዋናው ሻጋታ ራሱ ብዙ ጊዜ የሚሠራው በዚያው በውዱ ጨረር ነው። ስለዚህ አንድ ናሙና ብቻ ከፈለግህ ጎማው ውስጥ አትግባ። ብዙ ኮፒ ወይም ጠማማ ገጽ ላይ ሥራ ካለህ ግን እኔ ያለ ማንገራገር ማህተሙን እመርጣለሁ።