የ150 ብሩ የድመት ዘሮች ፖስተር፦ ግዙት፣ ግን ማርከር አብራችሁ ያዙ

ጅማ መርካቶ እህል ነው የምሸጠው። ልጄ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ከትምህርት ቤት ስትመለስ እናቷ ከሥራ እስክትወጣ የበቆሎ ጆንያ ላይ ቁጭ ብላ ትጠብቃለች። ባለፈው ወር ፈረንጅ አራዳ ካለ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ በ150 ብር አንድ ትልቅ ፖስተር ገዛሁላት። የድመት ዘሮች የተሳሉበት፣ ላሚኔት የተደረገ ነው። ሱቄ ግድግዳ ላይ ሰቀልኩትና ወር ሙሉ ሳየው ከረምኩ።

ጥሩውን ላስቀድም። መሃል ላይ የዱር ድመትና የቤት ድመት ጎን ለጎን ተስለዋል። የዱሯ እግሯ ረዘም ይላል፣ የጆሮዋ ጀርባ ቀላ ያለ ነው፣ ጭራዋ ቀለበት ቀለበት ሆኖ ጫፉ ይጠቁራል። ልጄ የመጋዘናችንን ድመት ውሮን ታቅፋ አመጣችና ከሥዕሉ ጋር አስተያየቻት። ጭራው ገጠመ፣ ጆሮው አልገጠመም። ፖስተሩ ስለ ጥፍርም ያሳያል፤ እንደ ሥዕሉ የውሮን መዳፍ ቀስ አድርጋ ጫን ስትለው ጥፍሩ ከሰገባው እንደሚመዘዝ ጩቤ ብቅ አለ፤ ስትለቀው ተመልሶ ገባ። አሥር ጊዜ ደጋገመችው። በአሥራ አንደኛው ውሮ ትዕግሥቷ አለቀና ቧጨረቻት። ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ።

ከማና በቆሎ ይዘው የመጡ አንድ ሽማግሌም የዱር ድመቷን ትኩር ብለው አዩና "ይቺማ ጓሮዬ እየመጣች ዶሮ የምትጨርስብኝ ናት" አሉ። ልጄ "አባባ፣ የውሮ ዘመድ እኮ ናት" ስትላቸው "እንግዲያው ውሮ ዶሮዎቼን ትክፈለኛ!" ብለው ሳቁ።

ሥሩ ላይ ያለው ጽሑፍ ግን ድመትን ያላመዱት ግብፆች ናቸው ብሎ በአንድ መስመር ይገላገላል። ቆጵሮስ ደሴት ላይ ከሰው አጠገብ ተቀብራ የተገኘችው ድመት 9,500 ዓመት ገደማ ይሆናታል፤ ፒራሚድ ገና ሳይታሰብ ማለት ነው። ደሴቲቱ የራሷ ድመት አልነበራትም፤ ሰው ነው በጀልባ የወሰዳት። ልጄ ስለ መቃብሩ ምንም አልጠየቀችኝም፤ "ጀልባው ላይ አላስመለሳትም?" ብቻ ነው ያለችው። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ የዘረመል ጥናትም የዓለምን የቤት ድመቶች ሊቢካ ከምትባለው የአፍሪካና የመካከለኛው ምሥራቅ የዱር ድመት ጋር ነው ያዛመዳቸው። ለምን ሰው ቤት እንደገባች እህል ነጋዴ ጠይቁ። እህል ካለ አይጥ አለ። ማንም ለምኗት አይደለም፤ ራቷን ተከትላ መጥታ ቀረች።

ያናደዱኝ ስሞቹ ናቸው። ባለ ሸንተረሩን የእስያ ታይገር "ነብር" ብለውታል። ስሙ በዚህ ስለተያዘ የኛው ባለ ነጠብጣብ ነብር "አቦሸማኔ" ሆነ። አቦሸማኔ ስሙን ሲቀማ "ገሰላ" ተባለ። ገሰላ ቦታ አጥቶ ጭራሽ ከፖስተሩ ወጣ። ታይገር እኮ አፍሪካ ዱር ውስጥ የለም! አቦሸማኔን ለመለየት ደግሞ ከዓይኑ እስከ አፉ እንደ እንባ የወረደውን ጥቁር መስመር ማየት ይበቃል፤ ሥዕሉ ላይ ቁልጭ ብሎ አለ። ሠዓሊው አውቆ ስሏል፣ ስም ጻፊው አላየም። ገሰላም ሌላ አውሬ አይደለም፤ ጠቁሮ የተወለደ ነብር ነው፣ ፀሐይ ሲያርፍበት ነጠብጣቡ ይታያል።

ጥርኝም ከድመቶቹ ጋር ተሰልፋለች። ጥርኝ ድመት አይደለችም፣ የራሷ ወገን አላት። ዝባዷ በቀንድ እየተሞላ ሲሸጥ በኖረበት አገር ይህን መሳሳት ያሳፍራል። (ጅብ ውሻ ቢመስልም በዘር የሚቀርበው ለድመት ነው። ይህን ብነግራት ልጄ ውሮን ሁለት ቀን በጥርጣሬ ነው ያየቻት።)

ደግሞ ጅማ ለሚሸጥ ነገር ኦሮምኛው ቢጨመርበት ምን ነበረበት? የጎረቤቴ ልጅ የሚማረው በኦሮምኛ ነው። በጣቱ እየነካ "አዱሬ፣ አዱሬ" ይላል፤ ከሥሩ የተጻፈውን ግን አያነበውም።

ላሚኔቱን አመሰግናለሁ፤ የእህሉን ብናኝ በእርጥብ ጨርቅ ጠረግ ማድረግ ነው። በምስማር አትምቱት፣ ከጥጉ ይቀደዳል፤ ፕላስተር ይሻላል። ልጅ ዓይን ትይዩ ዝቅ አድርጉት። እኛ ስሞቹን በማይለቅ ማርከር አስተካክለናል። ገሰላን ልጄ ራሷ ባዶው ጥግ ላይ ሳለችው፤ ሙሉ ጥቁር፣ ሁለት ቢጫ ዓይን ብቻ። ለእህቴ ልጅ ሁለተኛ ልገዛ ሄጄ ነበር፤ አልቋል፣ ለሐሙስ ገበያ ይመጣል አሉኝ።